ጃቫ ላይ ካስት ሲያስቸግር

ካስት ማለት በጃቫ ኮድ ውስጥ አንድን ዋጋ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት መውሰድ ነው። ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠየቀው ስህተቱ መቼ መጣ የሚለው ነው። ኮምፓይል ስታደርጉ (ኮዱ ከመሥራቱ በፊት ሲተረጎም) ነው? ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ? ወይስ ምንም መልእክት ሳይመጣ መልሱ ብቻ ተበላሸ? ጀማሪ ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ይደነግጣል። የሚያስፈራው ግን ቀይ ጽሑፍ የሌለበት ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ቆየት እንላለን።

ኮምፓይል አልሆን ሲል

መልእክቱ «ፖሲብል ሎሲ ኮንቨርዥን ፍሮም ደብል ቱ ኢንት» ይላል። ደብል ነጥብ ያለው ቁጥር ይይዛል፣ ኢንት ሙሉ ቁጥር ብቻ፤ ስለዚህ ደብል ወደ ኢንት ሲገባ ከነጥብ በኋላ ያለው ይጠፋል። ኮምፓይለሩ ይህን ያለፈቃዳችሁ አያደርገውም። ይጥፋ ካላችሁ ከቁጥሩ ፊት በቅንፍ ኢንት ብላችሁ ጻፉ። ካስት ግን ይቆርጣል እንጂ አያጠጋጋም፤ 3.99 ኢንት ሲሆን 3 ነው።

ኮዱ ይሠራል፣ መልሱ ግን ልክ አይደለም

የሁለት ፈተና ድምር 173 ነው እንበል። ለ2 አካፍላችሁ ደብል ውስጥ አስቀመጣችሁት። 86.5 ስትጠብቁ 86.0 መጣ። ሁለቱም ቁጥሮች ኢንት ስለሆኑ መልሱም ኢንት ሆኖ ነው የወጣው፤ ግማሿ ነጥብ ደብሉ ጋ ሳትደርስ ጠፍታለች። ብዙ ሰው ማካፈሉን በሙሉ በቅንፍ ከብቦ ውጤቱን ደብል ይለዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ካስቱ ድምሩ ላይ ብቻ ይሁን፣ ከማካፈሉ በፊት።

ገንዘብ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። 19.99 ብርን በ100 አባዝታችሁ ኢንት ብትሉት 1998 ሳንቲም ይመጣል። አንዷ ሳንቲም ተበላች። ደብል 19.99ን በትክክል መያዝ ስለማይችል ብዜቱ ከ1999 በጥቂቱ ያንሳል፤ ካስቱም ከነጥብ በኋላ ያለውን ይቆርጠዋል። ለዚች የሚያጠጋጋው ማዝ.ራውንድ ይበቃል። የምር የሂሳብ ሥራ ከሆነ ግን ደብልን ተዉትና ነጥብ ያለውን ቁጥር በትክክል የሚይዘውን ቢግዴሲማል ተጠቀሙ። እሱንም ከስትሪንግ (ከጽሑፍ) ፍጠሩት፤ ከደብል ከፈጠራችሁት ስህተቱንም ይዞ ይገባል።

ትልልቅ ቁጥርም እንዲሁ ያታልላል። የአንድ ቀን ማይክሮሰከንድ ለማግኘት 24፣ 60፣ 60፣ 1000 እና 1000 ሲባዙ 86,400,000,000 መምጣት ነበረበት። የሚመጣው 500,654,080 ነው፣ ያውም ከኢንት በሚሰፋው ሎንግ ውስጥ አስቀምጣችሁት። ብዜቱ የተሠራው በኢንት ነው፤ ኢንት ደግሞ ከ2,147,483,647 አያልፍም። ከመጀመሪያው ቁጥር ኋላ ኤል የምትለዋን ፊደል ጨምሩ፣ ብዜቱ ከጅምሩ በሎንግ ይሄዳል።

በአማርኛ ጽሑፍ የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ፊደል የሚይዘው ካር 16 ቢት ነው፣ ባይት 8። «ቀ»ን ወደ ባይት ካስት ካደረጋችሁ 64 ብቻ ይቀራል፤ ፋይሉ ሲከፈት በ«ቀ» ቦታ @ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ፊደል በፊደል ካስት ማድረግ ትታችሁ የስትሪንጉን ጌትባይትስ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት የሚቀይር ስልት) ጥሩት።

ፕሮግራሙ መሀል ላይ ሲወድቅ

ስህተቱ ክላስካስትኤክሴፕሽን (ዕቃው ባልሆነው ዓይነት ካስት ሲደረግ የሚመጣው) ከሆነ መልእክቱን እስከ መጨረሻ አንብቡት። ሁለት ስም አለበት፤ የፊተኛው ዕቃው በእርግጥ የሆነው ነው፣ የኋለኛው እናንተ ነው ያላችሁት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሚይዘው ዓይነት ያልተነገረው ሊስት (ዝርዝር) ነው። ኢንቲጀር (በዕቃ መልክ ያለ ኢንት) ገብቶበት ስትሪንግ ተብሎ ይወጣል። ሊስቱን ስትፈጥሩ የሚይዘውን ዓይነት ጻፉበት፣ ስህተቱ ኮምፓይል ላይ ይያዛል። ዓይነቱን አስቀድማችሁ ማወቅ ካልቻላችሁ የዕቃውን ዓይነት በሚጠይቀው ኢንስታንስኦፍ አጣሩ። ከጃቫ 16 ጀምሮ ማጣራቱም ካስቱም በአንድ መስመር ያልቃል።

ኦብጀክት (የዕቃዎች ሁሉ የጋራ ዓይነት) ተብሎ የመጣ ኢንቲጀርን ሎንግ ብላችሁ ካስት ብታደርጉም ይወድቃል። ሁለቱም የነምበር ልጆች ናቸው፣ አንዱ ግን የሌላው ልጅ አይደለም። ወደ ነምበር ካስት አድርጋችሁ ሎንግቫልዩን ጥሩ።

«25» የሚል ስትሪንግን ወደ ኢንት ለመቀየር ካስት ጭራሽ አይሠራም። ኢንቲጀር.ፓርስኢንት ነው የሚያስፈልገው። እሱም ነምበርፎርማትኤክሴፕሽን ከወረወረ ከቁጥሩ ፊትና ኋላ ባዶ ቦታ እንዳለ እዩና በትሪም አጽዱት። «1,500» ላይ ያለችውን ነጠላ ሰረዝም አይወዳትም።