በወሎ መስክ አዳኝና ታዳኝ ነፍሳትን እንዴት እንመልከት?

ነፍሳትን ለማየት የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አዳኙን ያሳድዳል፤ አዳኙም ይሸሻል። የሚሻለው የሚበላውን ፈልጎ አጠገቡ መቀመጥ ነው። በላተኛው ራሱ ይመጣል።

ጊዜው መስከረም ወይም ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል። ነፍሳት የሚሞቁት በፀሐይ ስለሆነ በደሴ ዙሪያ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ትርፉ ብርድ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ውጡ። ወደ ኮምቦልቻ ዝቅ ካላችሁ ቀደም ማለት ይቻላል። አጉሊ መነጽር፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ።

መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ወደ አተር ወይም ባቄላ ማሳ ዳር ጠጋ በሉ። ለጋውን የተክል ጫፍና የቅጠሉን ጀርባ ስታዩ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ተሰብስቦ የተክሉን ፈሳሽ ሲመጥ ታገኛላችሁ። አሁን አትቸኩሉ፤ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቁጭ በሉ። ባለነጠብጣቡን ቀይ ጥንዚዛ ማንም ያውቀዋል። የእርሱ እጭ ግን ወላጁን ጨርሶ አይመስልም፤ ረዘም ያለ፣ ጠቆር ያለና ብርቱካንማ ምልክት ያለበት ነው። ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል፤ የሚያሳዝነው፣ ክሽክሹን አንድ በአንድ የሚለቅመው እርሱ ነው። ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚጠጣ ጥንዚዛውን እየነከሰ ሲያባርር ልታዩ ትችላላችሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት በክሽክሹ መካከል ያበጠና ወደ ቡናማ የተለወጠ የማይንቀሳቀስ አካል ፈልጉ። ደቃቅ ተርብ በውስጡ እንቁላል ጥላበት፣ እጯ ከውስጥ በልታ የጨረሰችው ቅርፊት ነው። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ልጅቱ አድጋ ወጥታለች ማለት ነው። ለእኔ ከነብር አደን ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ አደይ አበባው ጋ ቁሙ። አበባ ላይ ጨርሳ የማትንቀሳቀስ ንብ ካያችሁ ከሥሯ ተመልከቱ፤ የአበባውን ቀለም የመሰለች ሸረሪት ይዛት ሊሆን ይችላል። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት ወገን አይደለችም፤ ከአዳኞቹ መዝገብ ግን አታስቀሯት።

ሐይቅ ከደረሳችሁ በዳርቻው ቄጠማ መካከል ረጅም ቀጭን ሰውነትና አራት ክንፍ ያለውን የውኃ ተርብ ፈልጉ። ትንኝና ዝንብ በአየር ላይ ይይዛል፤ ከበረራ በኋላም ብዙ ጊዜ ተነሥቶበት ወደነበረው ዘንግ ይመለሳል። ስለዚህ ካሜራችሁን በራሪው ላይ ሳይሆን ዘንጉ ላይ አነጣጥራችሁ ጠብቁ።

በደብተሩ ላይ ማን ማንን እንደበላ፣ በየትኛው ተክል ላይና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁት ቅርጹን ሣሉ።