ቀኖና መቀጮ አይደለም፦ በንስሐ ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስቅለት ዕለት ሐዋሳ ገብርኤል ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ሲሰገድ ስለዋለ ጉልበቴ ከድቶኛል። ሕዝቡ ለጥብጠባ ተሰልፏል። ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው የምሰግደውን ነገሩኝና ወጣሁ። ገና ፈቀቅ ሳልል ከኋላዬ የነበረች ልጅ ጓደኛዋን “አንቺን ስንት አሉሽ? እኔን አርባ!” አለቻት። “ውይ፣ እኔ ሃያ ብቻ!” አለች ያቺኛዋ፤ ሎተሪ የደረሳት ነው የምትመስለው።

ሳቄ መጣ። ግን እኔም ለዓመታት ሳስብ የኖርኩት እንደዚያው ነበር። ቄስ አይደለሁም። የምጽፈው ራሴ ከተሳሳትኩትና በዙሪያዬ ካየሁት ነው።

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ቀኖናን፣ ማለትም ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው የሚታዘዘውን ስግደትና ጾም፣ እንደ ትራፊክ መቀጮ ማየት ነው። ይህን ያህል ስገድ፣ ደረሰኝህን ያዝ፣ ሂድ። ቀኖና የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፤ መለኪያ ዘንግ፣ ልክ ማለት ነው። የንስሐ አባት የሚያዙትም በሰውየው ልክ ነው፣ እንደ መድኃኒት። አንድ ዓይነት ኃጢአት የተናዘዙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቀኖና ቢቀበሉ አድልዎ የሚመስለን ይህን ስለምንረሳ ነው። የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 ሳይገደዱ ሃይማኖታቸውን ለካዱ ሰዎች የወሰነው 12 ዓመት ነበር፦ 3 ዓመት ከሰሚዎች (ንባቡን ብቻ ሰምተው ከሚወጡት) ጋር፣ 7 ዓመት ከሚሰግዱት ጋር፣ 2 ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከሕዝቡ ጋር መጸለይ። ከባድ ነው። ግን ያው ጉባኤ ለሞት የተቃረበ ሰው ቁርባን እንዳይከለከል አዟል። መቀጮ ቢሆን ኖሮ “ሳይከፍል ሞተ” ይባል ነበር።

ሁለተኛው እኔን ራሴን ያዋረደኝ ነው፤ የሰው ገንዘብ ይዞ ስግደት መጠየቅ። እዚያው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ከአንድ ወዳጄ ጋር ዓሣ እየገዛን ለሆቴሎች እናቀርብ ነበር። ሂሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ትንሽ ትንሽ እያልኩ ከድርሻው ቆረጥኩ። አንድ ቀን ጨነቀኝና ነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። ምን ያህል ያሰግዱኝ ይሆን እያልኩ አንገቴን ደፍቼ ተናዘዝኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

“ገንዘቡስ የት አለ ልጄ?” አሉኝ።

“በላሁት አባ።”

“እንግዲያው መጀመሪያ እሱን መልስና ና።”

ስግደቱ በስንት ጣዕሙ! ለአራት ወር ከደመወዜ እየቆረጥኩ አጠራቀምኩ። ቀኖና የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰባት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም፣ ጠዋት ማታ መዝሙር 50። ዘኬዎስ በጌታ ፊት ቆሞ የተናገረውን ልብ በሉ፦ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ። በኦሪትም በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ በአንዱ ፈንታ አራት ይከፍላል። እኔ አንድ እጥፉን ለመመለስ አልቅሼ ነበር።

ሌላው በሰው ላይ የደረሰውን መከራ ሁሉ ቅጣት ማድረግ ነው። ባጃጅ ሲገለበጥ “ምን አጥፍቶ ይሆን?” የሚል አይጠፋም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን ሲገድል ጌታ የተናገረው ግልጽ ነው፤ እነሱ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች አልነበሩም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደውም “እሱ ወይስ ወላጆቹ?” ብለው ሲጠይቁት “እሱም ወላጆቹም አይደሉም” ነው ያለው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ጥሩ ነበሩ። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ “ንስሐ ከገባሁ መዘዙም ይቀራል” የሚሉ አሉ። ዳዊት “በደልሁ” ሲል ነቢዩ ናታን ወዲያው ይቅርታውን ነገረው። ሰይፉ ግን ከቤቱ አልራቀም። ስርየት ሌላ፣ የሠራነው ነገር ጣጣ ሌላ።

በራስ ላይ ቀኖና ማወጅም አለ። አንዳንዱ ጸጸት ሲያንገበግበው እሑድም በዓለ ኀምሳም (ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት) ሳይል ይሰግዳል። በእነዚህ ቀናት ተንበርክኮ መጸለይ እንዲቀር የደነገገው ያው የኒቅያ ጉባኤ ነው። ሐኪም ሳያይህ ፋርማሲ ገብተህ ራስህ እንደማዘዝ ነው። “ሳረጅ እቆርባለሁ” የሚለውን ደግሞ አላብራራውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የመጨረሻው የእኛ የተመልካቾቹ ነው። ሰውየው ቀኖናውን ጨርሶ እንኳ እኛ አንለቀውም። የፕሮቴስታንት ጎረቤቶቼም ቤት ያው ነው፤ ከኅብረት ታግዶ የተመለሰ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይንሾካሾካሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለተቀጣው ሰው ሲጽፍ፣ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ አጽናኑት ብሏል።

ወዳጄ ይህን ጥቅስ ይወቀው አይወቀው እንጃ። ገንዘቡን ስሰጠው ሁለቴ ቆጠረና ኪሱ ከተተ። ከዚያ “ና ዓሣ እንብላ” አለኝ። ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።