ቲማቲሙ ፀሐይ ሲወጣ ይድረስ፦ ለጅማ ጓሮና ጓዳ

ጅማ ላይ ዘር ጥሎ ማብቀል ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የደረሰውን ማቆየት ነው። ከመጋቢት እስከ መስከረም በሚዘልቀው ዝናብ ውስጥ የተተከለ ቲማቲም በአንድ ሳምንት ግንዱ ጠቁሮ ይወድቃል፤ ተርፎ የደረሰውንም ሐምሌ ላይ ቢያሰጡት ከፀሐዩ ሻጋታው ይቀድማል። ስለዚህ የአስቤዛ ወጪ ለመቀነስ ጓሮ የሚያለማ ሰው ከዘሩ ዓይነት በፊት የመድረሻውን ወር ያስብ። ቅጠላ ቅጠሉን ክረምቱን እየቀጠፋችሁ ብሉ፤ የሚደርቀውና የሚቀመጠው ፍሬ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ፀሐይ እንዲደርስ አድርጉ።

ቦታው ጠባብ ከሆነ ሽንኩርት ላይ አታባክኑት፤ ሽንኩርት ከገበያ በርከት አድርጎ ገዝቶ ለሳምንታት ማቆየት ይቻላል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም ግን ቶሎ ስለሚጠወልጉ በየሁለት ቀኑ ያስገዛሉ። ሰላሳ ካሬ ሜትር ያለው ሰው ለእነዚህ ለአራቱ ቢሰጠው ይሻላል።

አፈሩና የቡና ገለባው

የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ግን ዝናቡ ንጥረ ነገሩን እያጠበ ስለሚወስደው አሲዳማ ይሆናል። የምድጃ አመድ ነፍታችሁ፣ ከመትከላችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ በትኑና ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉት። በዓመት አንዴ ይበቃል። ድንች የሚተከልበት መደብ ላይ አመድ አይደረግም፤ የድንቹን ልጣጭ የሚያሻክረው በሽታ ይበረታል። ከእርጥብ ፍግ ጋር አንድ ላይ መድፋትም ኪሳራ ነው፤ የፍጉ ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይተንናል።

የቡና መፈልፈያ አጠገብ የሚከመረው ገለባ ለዚህ ከተማ ጓሮ ትልቅ ሀብት ነው፤ በተለይ ፖታሲየም አለው። ትኩሱን ችግኝ ሥር መድፋት ግን አይገባም። በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን ቡቃያውን ያቀጭጨዋል፤ ሲበሰብስ ደግሞ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ስለሚሻማ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ሦስት ጆንያ ገለባ፣ አንድ ጆንያ እርጥብ የከብት ፍግና አንድ ጆንያ ዘር ያላፈራ አረም እያፈራረቃችሁ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ እስኪኖረው ከምሩ። እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩት፤ እፍኝ ሙሉ ጨምቃችሁ ስትይዙት በጣቶቻችሁ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ገለባ ጨምሩ፤ ጨርሶ ካልረጠበ ውኃ። ከዚያ በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ሸፍኑት፤ ክፍት የተተወ ክምር በዝናቡ ታጥቦ ይቀዘቅዛል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዘንግ ሰክታችሁ ስታወጡት እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እየሠራ ነው። በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡት፤ በአራት ወር ገደማ ሽታው የጫካ አፈር ይሆናል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት አካፋ ይበቃል።

መደቡ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በመደቦች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ተዉ። በሰኔ ውኃ የተኛበት ሥር በቀናት ውስጥ ይታፈናል።

ጎመኑ

የሐበሻ ጎመን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ሃያ እግር ቢኖራችሁ ከእያንዳንዱ በሳምንት ሦስት የታች ቅጠል ስትቀጥፉ ስድሳ ቅጠል ይሆናል። አናቱ ላይ ሁልጊዜ አምስት ቅጠል ይቅር፤ ከዚያ በታች ከተራቆተ ለማገገም ሳምንታት ይፈጅበታል። አበባ ሊያወጣ የተነሳውን ጫፍ በጊዜ ቁረጡት።

በበጋ ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ከቅጠሉ ሥር ይሰፍራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ፣ ወደ ማታ የቅጠሉን ጀርባ እርጩ፤ በአምስተኛው ቀን ድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ስለሚያቃጥል አይሆንም።

ቲማቲሙ

የቲማቲም ዘር ነሐሴ አጋማሽ ላይ በዝናብ መከለያ ሥር ይዘራል። ችግኙ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይቆይና መስከረም 20 አካባቢ፣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ ወደ መደብ ይወጣል፤ በመስመር መካከል 80፣ በችግኝ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር። ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሩት፤ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። አብዛኛው ዝርያ ችግኙ ከተዛወረ ከ75 ቀን ገደማ በኋላ ስለሚደርስ፣ የመጀመሪያው ቀይ ፍሬ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ እጅ ይገባል። ለማድረቅ ሞላላው፣ ሥጋው የበዛው ዝርያ ይመረጣል።

ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ የሚነሳው ቅጠል ረጥቦ ሲያድር ነው። ስለዚህ በእንጨት ደግፉት፣ ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ቅጠል አራግፉ፣ ውኃውን በጠዋት ሥሩ ላይ ብቻ አጠጡ። ጠቁሮ የወደቀውን ተክል ወደ ኮምፖስቱ አትጣሉት።

ሌላው ጠላት አጠውልግ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ተክሉ በድንገት እኩለ ቀን ላይ ይተኛል፤ ውኃ ቢጠጣም አይነሳም። ለማረጋገጥ ከግንዱ ሥር አካባቢ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣችሁ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክራችሁ ሳትነቀንቁ ያዙት። በደቂቃዎች ውስጥ ከቁራጩ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ አውጥታችሁ አቃጥሉ፤ ቦታው ላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችም ሆነ ዝንጅብል አትትከሉ። ጎመን፣ ካሮት ወይም በቆሎ ይተከልበት።

ማድረቅ

አንድ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ሥሩና በፕላስቲክ የመስኮት ወንፊት ወጥሩት። የሽቦ ወንፊት አይሆንም፤ የቲማቲሙ አሲድ ብረቱን ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወባ አጎበር እንዳትጠቀሙ፤ ፀረ ተባይ የተነከረ ነው፤ ምግብ አይነካውም። ለዝንብ መከላከያ ንጹሕ ሻሽ ከላይ ይበቃል። ፍሬሙ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ሆኖ ይቀመጥ።

ቲማቲሙን ከአምስት እስከ ሰባት ሚሊ ሜትር ውፍረት ክተፉት። ከዚያ ከወፈረ መሃሉ ሳይደርቅ ይኮመጥጣል። ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱ፣ ሳይደራረብ አስጡት፣ በየግማሽ ቀኑ ገልብጡት። ማታ ጤዛ ስለሚወርድ ሳይመሽ ወደ ቤት ይግባ፤ ቀኑን ሙሉ የተነነው ውኃ ሌሊት ይመለስበታል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ትኩስ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማስጣት ያፈጥነዋል ብለው የሚሠሩ አሉ፤ ውጪው ቶሎ ይጠነክርና የውስጡን ውኃ ይዘጋበታል፤ ከወር በኋላ ማሰሮው ውስጥ የሚሻግተው ይኸው ነው።

መድረቁን ለማወቅ ቁራጩን አጥፉት፤ እንደ ቆዳ መተጣጠፍ አለበት፤ ስትጫኑት ግን ጣታችሁ ላይ እርጥበት አይተው። በመስታወት ማሰሮ ሁለት ሦስተኛ ሞልታችሁ ለአንድ ሳምንት ዝጉት፤ በየቀኑ ነቅንቁትና የማሰሮውን ውስጥ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩ። ላብ ካለ ወደ ፀሐይ መልሱት። ከ12 እስከ 15 ኪሎ ትኩስ ቲማቲም አንድ ኪሎ ደረቅ ይወጣዋል፤ አንድ እፍኝ ደረቅ በሙቅ ውኃ 20 ደቂቃ ተነክሮ ለአንድ ወጥ ይበቃል።

ጎመን ሲደርቅ ሥርዓቱ ሌላ ነው። አጥንቱን አውጡ፣ በሚፈላ ውኃ ሁለት ደቂቃ ንከሩት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፣ አጠንፍፉና ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አስጡት። ፀሐይ ቫይታሚን ኤውን ያጠፋዋል። በእጅ ሲነኩት የሚፈረፍር ሲሆን ደርሷል።

በርበሬ ባዶ መሬት ላይ አይሰጣ። የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ አጥቦ ወይም ቆልቶ መጠቀም አደጋ ነው። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቁላት አይጠፋም። በደንብ የደረቀ በርበሬ ሲነቀንቁት ዘሩ ይንኳኳል።

ማሸግና ማቀዝቀዝ

ቲማቲም በማሰሮ ማሸግ ለሚፈልግ አንድ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለቆላ የተጻፈ መመሪያ ለግማሽ ሊትር ማሰሮ 35 ደቂቃ ቢል፣ እዚህ 50 ደቂቃ ቀቅሉ። ቲማቲሙን ልጣችሁ፣ ጨፍልቃችሁ፣ አምስት ደቂቃ አፍሉት፤ በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ማሰሮ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ጨምሩ። የገዛ ጓሮ ሎሚ ጭማቂ ኮምጣጣነቱ ስለሚለያይ አይታመንም። ክዳኑ አዲስ ይሁን፤ ውኃው ከማሰሮዎቹ አናት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከፈላ በኋላ ነው። ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ካሮትም ሆነ ሥጋ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይታሸግም። አሲድ ስለሌላቸው ገዳዩ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ከፈላ ውኃ ተርፎ በታሸገው ውስጥ ይራባል፤ ሽታም ላይኖረው ይችላል።

ዳጣም ላይ ያው ስጋት አለ። ለአንድ ኪሎ ቃሪያ 150 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ 100 ግራም ዝንጅብል፣ በሶብላና 60 ግራም ጨው ፈጭታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡና በሁለት ሳምንት ጨርሱት። እንዲቆይ ብሎ አናቱ ላይ ዘይት አፍስሶ መደርደሪያ ላይ ማቆየት አየር የማይወደውን ባክቴሪያ መመገብ ነው። የሚበዛ ከሆነ በበረዶ ማስቀመጫ ትሪ ቀርጻችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። አቮካዶም እንዲሁ ነው፤ አይደርቅም፣ ተፈጭቶ በጥቂት ሎሚ ግን ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል።

ጎደሬና ካሮት ጓዳ አያስፈልጋቸውም። በበጋ መሬት ውስጥ ይቆዩና እንደሚፈለገው ይነቀላሉ። ጎደሬው ግን በደንብ ይቀቀል፤ ጥሬው ጉሮሮ ያሳክካል።

የደረቀውን ሁሉ በትልቅ ዕቃ ሳይሆን በግማሽ ሊትር ማሰሮ ከፋፍሉት፤ ክዳኑ ላይ ወሩን ጻፉ። በሰኔ አንድ ትልቅ ማሰሮ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይገባበትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሙሉው ይለሰልሳል፤ ትንሿ ግን ሳትለሰልስ ታልቃለች።