«ጎርናና» የሚለውን ቃል እንዴት በቦታው እንጠቀም?

ባለፈው እህቴ ቤት ደወልኩ። ስልኩ ተነሳና «ሄሎ» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ባሏ መስሎኝ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» ብዬ ሰላምታዬን ጀመርኩ። ለካ የ14 ዓመቱ ልጃቸው ነው። ከተገናኘን ትንሽ ወራት ቢሆነን ነው፣ ድምፁ ጎርንኖ ሌላ ሰው ሆኗል።

ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ «ጎርናና»ን የሚያክል ቃል አላውቅም። ግን ብዙ ሰው ያለቦታው ያስገባዋል። እስቲ አብረን እንየው።

መጀመሪያ ጩኸትን ከውፍረት ለዩ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ስንባል ቀስ ብለህ አውራ ማለት ነው እንጂ አጎርንነው ማለት አይደለም። ከፍና ዝቅ የጉልበት ጉዳይ ነው። የድምፁን ዓይነት ስንናገር ግን ቀጭን ወይም ወፍራም እንላለን፤ ጎርናናም የወፍራም ወገን ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ድምፁ ጎርናና ሊሆን ይችላል፣ ሕፃን ልጅ ደግሞ ጣራ እስኪነቀል ቢጮኽ ድምፁ ያው ቀጭን ነው።

ውፍረት ያልነውም ዝም ብለን አይደለም። ወፍራም ክር ከቀጭኑ ይልቅ ቀስ ብሎ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይወፍራል። ከበሮን በሰፊው ጎኑና በጠባቡ ጎኑ መታ መታ አድርጋችሁ ስሙት፤ ሰፊው ነው የሚጎረንነው። ጉሮሯችን ውስጥም እንደዚሁ ነው። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። የአዋቂ ወንድ አውታሮች ሲያወራ በሰከንድ ከ85 እስከ 180 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ፣ የሴት ደግሞ ከ165 እስከ 255 ገደማ።

ቀጥሎ በራሳችሁ ሞክሩት። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና «አ» በሉ። ሳትጮኹ ድምፁን እያወፈራችሁ ውረዱ። እጃችሁ ሥር ደረታችሁ ሲነዝር ይሰማችኋል። ያ ነው ጎርናና።

አሁን ወደ አረፍተ ነገር እናስገባው። ቅፅሉ ቀላል ነው፦ «ጎርናና ድምፅ አለው።» ለውጡን ለመናገር ግሱ አለ፦ «ድምፁ ጎረነነ»፣ «ድምፁ ጎርንኗል»። ሰው ሆን ብሎ ሲያደርገው ደግሞ «ድምፁን አጎርንኖ ተናገረ» ይባላል፣ ሊያስፈራራ ወይም ትልቅ ሰው ሊመስል ፈልጎ። እኔ በጣም የምወደው ግን «ጎርነን ያለ» የሚለውን ነው፤ ለስለስ ያደርገዋል። ድምፅዋ ወፈር ያለ ሴት ስትገልጹ «ጎርናና» ብላችሁ ከምትጥሉባት «ጎርነን ያለ፣ ደስ የሚል ድምፅ አላት» በሉ፤ ያኔ አድናቆት መሆኑ ይገባል።

በመጨረሻ ከጎረቤቶቹ ጋር አታምታቱት። ጉንፋን ይዞት ድምፁ የጠፋ ሰው «ድምፁ ዘግቷል» እንጂ ጎርንኗል አይባልም፤ ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። የሚከረክር ድምፅ ሻካራ ነው፤ ጎርናናው ድምፅ ሻካራም ሊሆን ይችላል፣ ግን የግድ አይደለም። ማጉረምረም ቅሬታ አለበት፣ ቀጭን ድምፅ ያለውም ሰው ያጉረመርማል። ሰማዩ ሲያስገመግም ያስገመግማል ነው፣ አንበሳም ያገሳል፤ እነሱ የየራሳቸው ግስ ስላላቸው «ጎረነነ»ን አትስጧቸው። ድምፃቸው ምን እንደሚመስል ስትናገሩ ግን «አንበሳው ጎርነን ባለ ድምፅ አገሳ» ብትሉ ያምራል።

ለእህቴ ልጅም «ድምፅህ እኮ ጎረነነ!» ስለው ትንሽ ዝም አለና፣ ይበልጥ አጎርንኖ «አዎ» አለኝ።