ኮምፓይለሩ ሲታደስ ፓኬጁ አልገነባ ሲል

አንድ መስመር ሳይነካ ቢልዱ (ፓኬጁን ከኮዱ መገንባቱ) በድንገት ከከሸፈ፣ ኮዱን ከመጠራጠራችሁ በፊት የኮምፓይለሩን፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ የእትም ቁጥር እዩ። በ2025 የወጣው የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ጂሲሲ 15 ሌላ ካልታዘዘ የሲን ኮድ የሚያነበው በጂኤንዩ23 ስታንዳርድ (በሲ23 ላይ የጂኤንዩ ጭማሪዎች ታክለውበት) ነው። ቀድሞ ጂኤንዩ17 ነበር።

ምልክት፦ «ለፈንክሽኑ የተሰጡት አርጉመንቶች በዝተዋል» የሚል ስህተት።
መንስኤ፦ በድሮው ሲ ባዶ ቅንፍ «አርጉመንቱ አልተገለጸም» ማለት ነበር፤ በሲ23 «ምንም አይቀበልም» ማለት ሆኗል።
መፍትሄ፦ በቅንፉ ውስጥ የአርጉመንቶቹን ዓይነት ሙሉ በሙሉ መጻፍ።

ምልክት፦ ኮዱ «ቡል» የሚባል (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ) ዓይነት በራሱ የሚፈጥርበት መስመር ላይ ስህተት።
መንስኤ፦ ቡል፣ ትሩ እና ፎልስ አሁን የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ናቸው።
መፍትሄ፦ የቤት ውስጡን ትርጉም አውጥቶ በስታንዳርዱ ቡል መተካት። ግን አትቸኩሉ። የድሮው ቡል ኢንት (ተራ ሙሉ ቁጥር) ከነበረ በተለመዱት ማሽኖች ላይ 4 ባይት ይይዛል፤ አዲሱ 1 ባይት ብቻ ነው። ለሌሎች ፓኬጆች በሚታደል ሄደር (የዓይነቶችና የፈንክሽኖች ማስታወቂያ በያዘ ፋይል) ውስጥ፣ በስትራክት (በአንድ ላይ በተቀመጡ መረጃዎች ስብስብ) መሃል ከተቀመጠ ኤቢአዩ፣ ማለትም የተገነቡ ፕሮግራሞች የሚግባቡበት የመረጃ አቀማመጥ፣ ይፈርሳል፤ ላይብረሪውን የሚጠቀሙት ሁሉ እንደገና መገንባት ይኖርባቸዋል። እንዲህ ባለው ሄደር ላይ ኢንቱን ሳይነኩ ስሙን ብቻ መቀየር ይሻላል።

ምልክት፦ ቢልዱ በሰላም ያልቃል፤ ፕሮግራሙ ግን ትናንት የነበረው አንድ አገልግሎት ጎድሎታል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው፤ ማንም አይጮህምና።
መንስኤ፦ ጂሲሲ 14 በ2024 ያልታወጀ ፈንክሽን መጥራትን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት አሳደገው። ከግንባታው በፊት ሲስተሙ ምን እንዳለው የሚፈትሸው የኮንፊገር ስክሪፕት ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሄደር ይረሳሉ። ሙከራው ሲከሽፍ ስክሪፕቱ «ሲስተሙ ይህ የለውም» ብሎ ያልፋል።
መፍትሄ፦ በአሮጌውና በአዲሱ ኮምፓይለር የተገኙትን የኮንፊገር ሎጎች ማነጻጸር፤ «አዎ» የነበረው «የለም» ከሆነ የጎደለውን ሄደር ሙከራው ውስጥ ማስገባት።

ጊዜ ካጠረ ስታንዳርዱን ወደ ጂኤንዩ17 የሚመልስ ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አማራጭ) መጨመር ነውር የለውም። ሆኖም ፍላጉ የሚያድነው ያንኑ ፓኬጅ ነው። ችግሩ ያለው በሚታደለው ሄደር ላይ ከሆነ፣ ሄደሩን የሚያስገባ ሌላ ፓኬጅ በጂኤንዩ23 ሲገነባ እሱም ይወድቃል፤ ሄደሩ ራሱ ፓች (የኮድ ማስተካከያ ፋይል) ያስፈልገዋል።

ፓች ከመጻፋችሁ በፊት የዋናውን ፕሮጀክት የቅርብ ለውጦች፣ ቀጥሎም የሊኑክስ ስርጭቶቹን የደቢያንን፣ የፌዶራንና የጄንቱን ፓኬጆች ፈትሹ፤ ያው ስህተት እነሱንም ስለሚያገኛቸው መፍትሄው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችሁ ይሆናል። የራሳችሁን ከጻፋችሁ ወደ ዋናው ፕሮጀክት ላኩት፤ በፓቹ ራስጌ ላይም ከየት እንደመጣና ወዴት እንደተላከ መዝግቡ። ዋናው ፕሮጀክት ተቀብሎት አዲስ እትም ሲያወጣ፣ ፓቹንም ፍላጉንም አንድ ላይ ማንሳት ነው።