ለደሴ ጠዋት የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል
እንግሊዝኛ የምትማሩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። በታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ፒያሳ ግድግዳ ተደግፈን የምንሞቃት ያቺ የፀሐይ ሙቀት በእንግሊዝኛ ስም አላት፦ አፕሪሲቲ። ፊደሎቹ ኤ፣ ፒ፣ አር፣ አይ፣ ሲ፣ አይ፣ ቲ፣ ዋይ ናቸው፤ ስታነቡ «ፕሪ» ላይ ጫን በሉ። መነሻው «አፕሪከስ» የተባለው የላቲን ቃል ነው፤ ፀሐይ የሞቀው ማለት። ሄንሪ ኮከራም በ1623 እ.ኤ.አ. ባወጣው መዝገበ ቃላት «በክረምት የሚገኝ የፀሐይ ሙቀት» ብሎ ፈትቶታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ክረምት ያለው የእንግሊዞቹን የብርድ ወቅት ነው፤ የእኛን የሐምሌ ዝናብ አይደለም። እንዲያውም ለእኛ በጋ ነው! ግሱ ደግሞ አፕሪኬት ይባላል፤ ፀሐይ መሞቅ። ሁለቱም ብርቅ ስለሆኑ ለግጥም ያምራሉ፤ ፈተና ላይ ግን የተለመደውን «ባስክ» ብትጠቀሙ ይሻላል።