የሚሽከረከረው የአየር ማሞቂያ ሲያፈስ፦ ችግሩን የፈታልን

የሚሽከረከረው የአየር ማሞቂያ በሚወጣው ጭስ ሙቀት ወደ ምድጃው የሚገባውን አየር ያሞቃል፤ የሚሽከረከረው አካሉ ሮተር ይባላል። ሲያፈስ አየሩ ምድጃው ሳይደርስ ወደ ጭሱ ያልፋል። ቦይለሩ (የእንፋሎት ማመንጫው) ሙሉ ጭነት ላይ ሲደርስ የጭስ መሳቢያው ፋን አምፔር ጣሪያ ይነካል፤ ምድጃው ግን አየር ያጥረዋል። ከማሞቂያው የሚወጣው ጭስም ከወትሮው ይቀዘቅዛል። ይህ እንዳያታልላችሁ። ሙቀት ተቆጥቦ ሳይሆን ቀዝቃዛ አየር ገብቶበት ነው።

ጥላሸት ይሆናል ብለን በእንፋሎት አራገፍን። ለውጥ የለም። የፋኑን ዳምፐር (የፍሰት መቆጣጠሪያ በር) ብንከፍት ባሰበት። ቦይለሩን አቁመን ራዲያል ሲሎቹን (ከሮተሩ መሃል እስከ ጠርዙ የተዘረጉትን የፍሰት መከላከያዎች) በአዲስ ቀየርን፤ ክፍተታቸውንም በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ከመሃል እስከ ጠርዝ እኩል አደረግን። ሲግል ያው ችግር ተመለሰ።

ፍንጩን የሰጠን ኦክስጅን መለኪያው ነው። ጭሱ ማሞቂያው ውስጥ ሳይገባ 4 በመቶ፣ ሲወጣ 8 በመቶ። ልዩነቱን፣ ማለትም 4ን፣ ለ13 (በአየር ውስጥ ካለው 21 በመቶ ኦክስጅን 8 ሲቀነስ) አካፍሉና በ90 አባዙት፤ ወደ 28 በመቶ ፍሰት ነው። በጣም ብዙ ነው!

የእኛ ሮተር ላዩ በጭስ ይግላል፣ ታቹ በአየር ይቀዘቅዛል። ላዩ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ጠርዙ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች ይጎብጣል። ከላይ ጠርዙ ጋ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ከታች ይጠባል።

ስለዚህ የታችኛውን ሲል ክፍተቱ ወደ ጠርዝ እየሰፋ እንዲሄድ አድርገን አሰርነው፤ ሲግል ራሱ ይዘጋል። የላይኛውን ሴክተር ፕሌት (ሲሎቹ በአጠገቡ የሚያልፉበትን፣ የአየሩንና የጭሱን ወገን የሚለየውን ሳህን) ደግሞ ቦይለሩ በደንብ ከጋለ በኋላ ጠርዙን ቀስ በቀስ ዝቅ አደረግነው። የሮተሩ ሞተር አምፔር መወዛወዝ ከጀመረ እየተፋተገ ነው፤ ትንሽ መልሱት። መውጫው ላይ ኦክስጅኑ ወደ 5.5 በመቶ ወረደ፤ ፍሰቱ 9 በመቶ ገደማ ሆነ።

ቦይለሩን ከማቆማችሁ በፊት ፕሌቱን መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። ሮተሩ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ስለሚል ይገጨዋል።